ትኩስ ሞተር አይለካም

መቱ ውስጥ ድምፅ የሌለው ሞተር ሳይክል ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ወር ነው። ከገበያው በታች ባለ የእህል መደብር በር ላይ ቆሜ ዝናቡ እስኪያባራ ስጠብቅ፣ አንዲት የማውቃት ነጋዴ ሞተሯን አምጥታ አጠገቤ አቆመች። ስትመጣ አልሰማኋትም። በኤሌክትሪክ የሚሄድ ነው አለችኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁት። የለመደ እጄ ሳላዘው ሄዶ የሞተሩ ራስ ሊኖርበት የሚገባውን ቦታ ዳሰሰ።

«ምን ጠፋዎት ጋሼ ታሪኩ?» አለችኝ።

«ቫልቩ።»

ሳቀች። «ቫልቭ የለውማ። ዘይት የለው፣ ካንዴላ የለው። ማታ እሰካዋለሁ፣ ጠዋት እነዳዋለሁ፤ በቃ።»

«ደግ ነው» አልኳት፤ ከልቤ ነበር። ቤቴ እስክደርስ ግን ነገሩ ሲከነክነኝ ቆየ። ከሠላሳ ዓመት በላይ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን ሞተር ሳይክሎች ስጠግን ኖሬአለሁ፤ በኢሉባቦር ከተሞች ሰው በስም የሚያውቀኝም ቫልቭ በማስተካከል ነው። ያ ሥራ ከእኔ ጋር ጡረታ እየወጣ ነው። እንግዲያው ሳይረሳ ልጻፈው አልኩ፤ የሚያኮራውንም የማያኮራውንም።

ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። አንድ አሮጌ ባለአንድ ፒስተን ሞተር ራሱ ላይ ሁለት ትንንሽ በሮች አሉት። አንዱ አየርና ቤንዚን ያስገባል፣ ሌላው ጭስ ያስወጣል። ቫልቭ የሚባሉት እነሱ ናቸው። እያንዳንዱን የሚገፋ የብረት ክንድ አለ፤ በክንዱና በቫልቩ ጫፍ መካከል ከፀጉር ብዙም የማይወፍር ክፍተት መኖር አለበት። ክፍተቱ ከሰፋ ክንዱ ቫልቩን እንደ መዶሻ እየመታው ሞተሩ ቸክ ቸክ ይላል። ከጠበበ ደግሞ፣ ብረት ሲግል ይረዝማልና፣ በሩ ግጥም ብሎ መዘጋት ያቅተዋል። እሳቱ በዚያች ስንጥቅ እየሾለከ የቫልቩን ጠርዝ ይበላዋል። ክፉነቱ፣ ያ ሞተር እስኪሞት ድረስ ድምፁ ያማረ ነው።

ይህን ሁሉ ያስተማሩኝ ጋሼ ፈይሳ ናቸው። መንግሥት ተለውጦ፣ ክልል ተዋቅሮ፣ መሥሪያ ቤቶቹ ሁሉ አዲስ ሰሌዳ በሚሰቅሉበት ጊዜ ነው መቱ ያለው ጋራዥ የገባሁት። ጋራዡ ማለት ሁለት ግድግዳና አንድ ቆርቆሮ ጣሪያ ነበር። ዓመቱን አብዛኛውን ዝናብ በሚዘንብበት አገር ቆርቆሮው ሲመታ ከሰው ጋር መነጋገር አይቻልም። ጋሼ ፈይሳ ግን ሥራ ላይ ብዙም አይናገሩም ነበርና አልቸገራቸውም። ረጅም፣ ቀጭን፣ የኢሉባቦሩ ቡሬ ልጅ ናቸው። ሰማያዊ ካፖርታቸው አንገቱ ድረስ ይቆለፋል።

የመጀመሪያው ዕለት ቁልፍ ይሰጡኛል ብዬ ስጠብቅ ሳሙና ሰጡኝ።

«ታጠብ» አሉኝ።

ታጠብኩ። እጄን ገልብጠው አዩና «እንደገና» አሉ።

ሌላ መካኒክ እጁን የሚታጠበው ሥራ ሲጨርስ ነው። እሳቸው ሳይጀምሩ ነው። በኋላ እንደነገሩኝ፣ ከፀጉር የቀጠነ ነገር በጭቃ ጣት አይለካም፤ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ከክፍተቱ ትበልጣለች።

ቀጥለው ሞተር አላስነኩኝም፤ ደብተር ነው ያስነኩኝ። አንድ የትምህርት ቤት ደብተር ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው፣ በመካከሉ አንድ ነጠላ ወረቀት አስገብተው፣ ሽፋኑን በመዳፋቸው ጫን ይሉና «ሳብ» ይሉኛል። ወረቀቱን እስባለሁ። አንዳንዴ እጃቸው ይላላል፤ ወረቀቱ ሾልኮ ይወጣል። አንዳንዴ ይከብዳል፤ ይቀደዳል። መካከል ላይ አንድ ቦታ አለ፤ ወረቀቱ ይወጣል፣ ግን ያዝ እያደረገ፣ ልሂድ አልሂድ እያለ። «እሱ ነው» ይሉኛል ያኔ። «ያንን በጣትህ ያዘው። በራስህ አትያዘው፣ ራስ ይረሳል።» ለሁለት ሳምንት ደብተር ስስብ ከረምኩ። የጋራዡ ሾፌሮች «ፈይሳ ትምህርት ቤት ከፈቱ» እያሉ ይስቁብን ነበር።

ከዚያ ወደ ሞተሩ። አሠራሩን አሁንም ዓይኔን ጨፍኜ እሠራዋለሁ። ካንዴላውን ትፈታለህ፤ ሞተሩ ታምቆ እንዳይታገልህ። የቫልቮቹን ክዳን ትከፍታለህ። ሞተሩን በቁልፍ በእጅህ ቀስ እያልክ ታዞራለህ፤ ፒስተኑ ጫፍ ላይ ሲደርስና ሁለቱም በሮች ሲዘጉ ትቆማለህ። የሞተሩ መዞሪያ ላይ የተቀረጸው ምልክት ብቻ አይበቃም፤ ፒስተኑ ጫፍ ላይ ሁለት ጊዜ ይደርሳልና፣ ክንዶቹን በጣትህ ነካ ነካ አድርገህ ሁለቱም ትንሽ ሲንቀሳቀሱ ነው ትክክለኛው። ከዚያ ስሱን የመለኪያ ብረት፣ እኛ ቅጠል እንለዋለን፣ በክፍተቱ ታስገባለህ። ክፍተቱን የሚያሰፋና የሚያጠበውን ብሎን በካቻቪቴ ታዞራለህ፤ ዳዶውን ታስራለህ። አሁን ነው ችግሩ፤ ዳዶው ሲታሰር ብሎኑን ይዞት ይዞራል። ስለዚህ አስረህ ስታበቃ እንደገና ትለካለህ። ጋሼ ፈይሳ ሦስት ጊዜ ነበር የሚለኩት። በቸርቻቸው መዝሙር የታወቁ ሰው ናቸው፤ ሥራ ላይ ሁሌም ያንጎራጉራሉ። ቅጠሉ ሲገባ ግን መዝሙሩ ይቆማል። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ብቻ ይሰማል። «ሱታ» ይሉኛል በኦሮምኛ፤ ቀስ በል ማለታቸው ነው። «ሱታ፣ ያ ጉርባ»፤ ቀስ በል፣ አንተ ልጅ።

ከሁሉ በላይ ደግሞ አንድ ሕግ ነበራቸው። ሞተር ሳይክል ሲመጣ የእጃቸውን ጀርባ ሞተሩ ላይ ያሳርፋሉ። ከሞቀ ክዳኑ አይከፈትም። «ይደር» ይላሉ። «ትኩስ ሞተር አይለካም።» ከጎሬ የመጣም፣ ከቡሬ የመጣም ያድራል። አንድ ጊዜ አንድ ኃላፊ ጃንጥላ እንደያዙ መጥተው፣ የሠራተኛቸው ሞተር ሳይክል በዚያው ቀን እንዲያልቅ አዘዙ። ጋሼ ፈይሳ ካፖርታቸውን አስተካክለው፣ በትሕትና፣ «ጌታዬ፣ እኔ እታዘዛለሁ። ብረቱ ግን አይታዘዝም» አሏቸው። ኃላፊው ጃንጥላቸውን ዘርግተው ሄዱ። ሞተር ሳይክሉ አደረ።

ሞተሮቹ ወደ እኛ ብቻ አይመጡም፤ እኛም እንሄድ ነበር። የእኔ ደስታ እሱ ነበር። የመሣሪያ ሳጥኑን ጭኜ፣ ጋሼ ፈይሳን ከኋላዬ አድርጌ፣ በሶር ድልድይ አልፌ ወደ ጎሬ ሽቅብ ስንወጣ ጉሙ ፊታችን ላይ ይበተናል። ያዮ ጫካ ውስጥ አንድ የግብርና ሠራተኛ ሞተሩ ታፍኖ እምቢ አለኝ ብሎ አስጠርቶን ስንሄድ፣ ለሁለት ወር የቆመው ሞተር የጭስ ማውጫው ውስጥ ተርብ በጭቃ ቤቱን ሠርቶበታል። ጋሼ ፈይሳ በስስ ሽቦ እየጫሩ አወጡትና፣ «ጥፋቱ የተርቡ አይደለም፣ ያቆመው ሰው ነው» አሉ። ሰውየው የጫካ ማር በቅል ሰጠን፤ መንገድ ላይ ቆመን በጣታችን በላነው። የዚያን ዘመን መንገድ ሳስብ አፌ ውስጥ የሚመጣው ማሩና ቤንዚኑ አንድ ላይ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ።

ጋራዡ ከገባሁ አምስተኛ ዓመቴ ነው። ጋሼ ፈይሳ ለጥገና ያዮ ሄደው ጋራዡን ለእኔ ትተዋል። ከምሳ በኋላ ሲስተር ጫልቱ መጣች። ሲስተር ጫልቱ ዳሪሙ ገጠር ውስጥ ባለች ትንሽ ክሊኒክ የምትሠራ አዋላጅ ነርስ ናት። ክሊኒኳ ያላት አንድ አሮጌ ቀይ ሞተር ሳይክል ብቻ ነው፤ ክትባቱም፣ መድኃኒቱም፣ እሷም የሚሄዱት በእሱ ነው። እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነበረች።

«ታሪኩ፣ ይንጫጫብኛል» አለችኝ። «ጆሮዬን አደነቆረኝ። ዛሬውኑ መመለስ አለብኝ። ነገ የክትባት ቀን ነው፤ እናቶቹ ከሩቅ ነው የሚመጡት።»

እጄን ወደ ሞተሩ አስጠጋሁ። ሳልነካው ግለቱ ተሰማኝ።

«ይደር» ማለት ነበረብኝ። ቃሉ አፌ ላይ ነበር። ግን ጋሼ ፈይሳ የሉም፤ እሷም ሌላ ሰው አልፈለገችም፣ ወደ እኔ ነው የምታየው። ወጣት ነበርኩ፤ ደስ አለኝ።

«ሻይ ጠጥተሽ ነይ» አልኳት።

ግማሽ ሰዓት ያህል ጠበቅኩና ከፈትኩት። እጅ አሁንም አያስቀምጥም። ለካሁ፤ የሰፋ መሰለኝ፤ አጠበብኩት። ሳስነሳው አሁንም ቸክ ቸክ ይላል። አጥፍቼ እንደገና ጠበብ አደረግኩት። እንደገና አስነሳሁት። ዝም አለ። ሁለቱንም ቫልቭ እንዲህ በጆሮዬ አስተካከልኳቸው። ዳዶዎቹን አሰርኩ፤ ቅጠሉን ግን መልሼ አላስገባሁም። ቅጹ ላይ «የቫልቭ ክፍተት ተስተካክሏል» ብዬ ፈረምኩ።

ሲስተር ጫልቱ መጥታ ስትሰማው ፊቷ በራ። «እጅህ ይባረክ» አለችኝ። «አዲስ አደረግከው።» ስትሄድ በሩ ላይ ቆሜ አዳመጥኩ። ምንም አይንጫጫም። ኮራሁ።

ወር ገደማ ቆይቶ ቡና የጫነ መኪና ጋራዡ በር ላይ ቆመ። በጆንያዎቹ ላይ ቀዩ ሞተር ሳይክል ታስሯል። ሲስተር ጫልቱ ከጋቢናው ወረደች። ጋሼ ፈይሳና እኔ ሞተር ሳይክሉን አወረድነው፤ እሷ አግዳሚው ላይ ተቀመጠችና ነገረችን።

ከአራት ቀን በፊት፣ ጠዋት፣ ሰይድ የሚባል ገበሬ እየሮጠ ክሊኒኩ መጣ። ሰይድ በልጅነቱ ከቤተሰቡ ጋር ከወሎ መጥቶ የሰፈረ ነው። ሚስቱን ዘሃራን ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗ ነው አለ። ሲስተር ጫልቱ ቦርሳዋን አዝላ ወጣች፤ ሰይድን በእግርህ ተከተለኝ አለችው። ሁለተኛው ዳገት ላይ ሞተሩ አቅም አጣ፤ ቀጥሎ ጠፋ። መርገጫውን ስትረግጠው ምንም ሳይታገላት ወረደ። ደጋግማ ረገጠች። ከዚያ ሞተር ሳይክሉን መንገድ ዳር ትታ ሄደች። ጭቃው ጫማዋን እያወለቀ ያስቀረዋል። ሰይድ ደረሰባትና ቦርሳውን ተቀበላት። ከሁለት ሰዓት በላይ ሄዱ።

«ስደርስ ተወልዷል፤ ግን አይተነፍስም» አለች። «ሞከርኩ። ደግሞ እናቲቱ እየደማች ነበር፤ እሷን አተረፍኳት። ለሕፃኑ አልደረስኩለትም።»

«በሞተር ስንት ይፈጅ ነበር?» አሉ ጋሼ ፈይሳ።

«ግማሽ ሰዓት።» ቀና ብላ አየችኝ። «አርጅቷል፣ ምስኪን። መንገዱም መንገድ አይደል። ታሪኩ ባያስተካክልልኝማ ከዚያ በፊት በቆመብኝ ነበር።»

ምሳ ልትበላ ወጣች። ጋሼ ፈይሳ እጃቸውን ታጥበው ሞተሩን ከፈቱ። ራሱን አውርደው የጭስ ማስወጫውን ቫልቭ አወጡና ብርሃን ላይ ያዙት። ጠርዙ አይጥ የቀመሰው ቂጣ መስሏል።

«በርዶ ነበር?» አሉኝ፤ ቫልቩን እያዩ።

«አዎ» አልኳቸው።

ራሱን መልሰው በቦታው አስቀመጡና አሰሩት፤ የመለኪያውን በጣም ስስ ቅጠል መርጠው እጄ ላይ አስቀመጡ። «ያልተቃጠለውን ለካ» አሉኝ። የአየር ማስገቢያውን ቫልቭ ማለታቸው ነው። ቅጠሉን ለማስገባት ሞከርኩ። አልገባም። ከእሱ የሚቀጥን ቅጠል አልነበረንም። ከዚያ ጋራዥ ውስጥ መውጫ ፈልጌ ዓይኔን ያዞርኩበትን ጊዜ አልረሳውም።

«ትኩስ ነበር» አልኳቸው። «ድምፁ እስኪጠፋ አጠበብኩት። መልሼም አልለካሁም።»

አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ጋሼ ፈይሳ ሲናደዱ አይቼ አላውቅም፤ ያን ጊዜም አልተናደዱም። ደክሟቸው ነበር።

«የሚያወራ ቫልቭ አትፍራ፣ ዝም ያለውን ፍራ ብዬህ ነበር።»

«ብለውኛል።»

«ለእኔ ነገርከኝ። እኔ ምን ላድርግልህ? እኔ የሞተብኝ ልጅ የለም።»

ሲስተር ጫልቱ ስትመለስ ቆሜ ነገርኳት። እጇን አየች። ከዚያ «እኔ ነኝ ያጣደፍኩህ» አለች።

«አንቺ መጣደፍ ሥራሽ ነው፣ ልጄ» አሏት ጋሼ ፈይሳ። «አለመጣደፍ ደግሞ የእሱ ሥራ ነበር።»

የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈልኝ፤ ፋይሌ ውስጥ አለ። አዲሱ ቫልቭ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ከሳምንት በላይ ፈጀ። ቫልቩንና የሚያርፍበትን ጠርዝ እያፋጩ የማገጣጠሙን ሥራ ለእኔ ሰጡኝ፤ ቫልቩን በእንጨት ጫፍ ይዞ በሁለት መዳፍ መካከል እያሽከረከሩ፣ በሞረድ ቅባት፣ ዙሪያው አንድ ወጥ ግራጫ ቀለበት እስኪያወጣ ድረስ። አንድ ቀን ሙሉ አሽከረከርኩ። ሞተሩ ከተገጠመ በኋላ አደረ፤ ጠዋት ሦስት ጊዜ ለካሁ። ከዚያ ሞተር ሳይክሉን ራሴ ክሊኒኩ ድረስ ነድቼ ለሲስተር ጫልቱ አስረከብኩ። የሰይድን ቤት መንገድ አሳየችኝ፤ አብሬህ ልምጣ አለችኝ፤ እንቢ አልኩ፤ በእግሬ ሄድኩ። እሷ የሄደችውን መንገድ ልሂደው ብዬ ነው።

ሰይድ በቆሎውን እየኮተኮተ ነበር። የእኔ ዕድሜ ነው፤ ትከሻው ሰፊ፣ ዓይኑ ረጋ ያለ። ማን እንደሆንኩና ምን እንዳደረግኩ ነገርኩት። ትኩስ ሞተር መለካቴን፣ መልሼ አለመለካቴን፣ ቫልቩ መቃጠሉን። ትንሽ ነገር እንኳ እንዳይቀር ብዬ ቀስ ብዬ ነው የነገርኩት። ቤታቸው ከእርሻው አሥር እርምጃ አይርቅም፤ የጭቃ ግድግዳ ነው።

መቆፈሪያውን ተደግፎ ሰማኝ። «ጨረስክ?» አለኝ።

«ጨረስኩ።»

«እኔ እኮ የአላህ ሥራ ነው ብዬ ተቀምጬ ነበር» አለ። «አሁን ሰው አመጣህብኝ። እንግዲህ ከሰው ጋር ምን ላድርግ?»

ይቅርታ አድርግልኝ ለማለት አፌን ስከፍት እጁን አነሳ። «ሂድ፣ ወንድሜ። መሽቶ መንገድ እንዳይጠፋህ» አለኝና ወደ በቆሎው ተመለሰ። በመቆፈሪያው ድምፅ ታጅቤ ሄድኩ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ሠራሁ። አለቆች መጡ፣ ሄዱ። አንዱ በወር ስንት ሞተር እንደተጠገነ በሰንጠረዥ ካልቀረበልኝ የሚል ነበር፤ ያደረውን ሁሉ እንደ ሰነፍ ሥራ ይቆጥርብኝ ነበር፤ ግድ አልነበረኝም። ቡሬ ሁለት ዓመት ተመደብኩ። ጋሼ ፈይሳ ጡረታ ወጥተው ወደዚያው ወደ ትውልዳቸው ተመልሰው ነበርና፣ እሑድ ከቸርች በኋላ ቤታቸው እሄዳለሁ። ጆሯቸው ከድቷቸዋል። ግን ሞተር ሳይክልህን አስነሳልኝ ይሉና፣ የካቻቪቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጥርሳቸው ላይ አድርገው በአጥንታቸው ያዳምጡታል። «የማስገቢያው ትንሽ ሰፍቷል» ይሉኛል። ስለካው እውነት ነው። ያረፉት በዚያው በቡሬ ነው፤ በዝናብ ቀበርናቸው። ከመቱም፣ ከጎሬም፣ ከያዮም ሰው በሞተር ሳይክል መጥቶ ነበር። የሰዉን ሞተር ሁሉ ሲያሳድሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ የዚያን ቀን ማንም አልተጣደፈም።

ወደ መቱ ከተመለስኩ በኋላ፣ አንድ ጠዋት ጋራዡን ስከፍት በሩ ላይ አንድ ሰው ሞተር ሳይክል ተደግፎ ቆሟል። ጢሙ ሸብቷል። ትከሻውን ነው ያወቅኩት።

«ሰይድ» አልኩት።

«አወቅከኝ» አለ። ቡናው ደህና ዋጋ አውጥቶለት ያገለገለ ሞተር ሳይክል መግዛቱን ነገረኝ። «ይንጫጫል። ቫልቭ ነው አሉኝ።»

«የመንግሥት ጋራዥ ነው፤ የግል ሞተር እዚህ አንሠራም። ከሥራ ሰዓት ውጪ ግን ቤቴ እሠራልሃለሁ። ግን ሰይድ» አልኩት፣ «ከተማው ውስጥ ሌላ ጥሩ መካኒክ አለ። ልወስድህ እችላለሁ።»

ራሱን ነቀነቀ። «አስቤዋለሁ። ሌላው ሲሳሳት ይነግረኛል ወይ ብዬ አሰብኩ።»

ሞተር ሳይክሉን ግቢዬ አስገባነው። ትናንት ከሰዓት መቱ ደርሶ ዘመድ ቤት አሳድሮት ነበርና የበረደ ነው። ታጠብኩ። ለካሁ። አጠገቤ ቁጢጥ ብሎ እጄን ያያል። ሦስተኛውን ስጨርስ ቅጠሉን ሰጠሁትና «አንተም ሳበው» አልኩት። ሳበው። ያዝ አድርጎ ወጣ። «እንዲህ ነው?» አለኝ። «እንዲህ ነው» አልኩት። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ቡና ከተለቀመ በኋላ ይመጣል። ስለዚያ ነገር አንድም ቀን አላነሳንም። እሱ አላነሳም፤ እኔም ተነግሮ ያለቀ አድርጌ ቆጥሬው ነበር።

ጡረታ በወጣሁ ዓመት ሰይድ ትልቋን ልጁን ዳረ። ጠራኝ፤ ሄድኩ። የዳሪሙ መንገድ አሁን ተጠርጎ ጠጠር ለብሷል። ድንኳኑ በሰው ሞልቷል፤ ኦሮምኛውም አማርኛውም ይደባለቃል። ሰይድ እጄን ይዞ ለሽማግሌዎቹ «መካኒኬ ነው» እያለ አስተዋወቀኝ። ሲስተር ጫልቱም ነበረች፤ ፀጉሯ ነጭ ሆኗል፤ ሙሽራዋን ያዋለደቻት እሷ ናት።

ከምሳ በፊት ዘሃራ በአንዲት ሴት አስጠራችኝ። እሷን በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ከሰላምታ በላይ አነጋግሬያት አላውቅም። ከቤቱ ጓሮ፣ ድስቶቹ ከተጣዱበት ራቅ ብላ ቆማለች።

«ለሰይድ ልትነግረው የመጣህ ቀን ቤት ውስጥ፣ ከግድግዳው ወዲህ ተኝቼ ነበር» አለችኝ። «የነገርከውን ሁሉ ሰምቻለሁ።»

ወደ እሷ ጠጋ አልኩ።

«ለሰይድ ነገርከው። ለሲስተርም ነገርካት አሉ። ለአለቃህም። ለእኔ ግን አልነገርከኝም።» ድምፅዋ ቁጣ የለበትም። «ይመጣል ብዬ ጠበቅኩ። ሞተሩን ሊያሠራ ሰይድ ወደ አንተ ሲሄድ፣ ዘንድሮ አብሮት ይመጣል እላለሁ።»

እውነቷን ነበር። ልጁን የተሸከመችውን ሴት ትቼ በሯ ላይ ለቆመው ሰው ተናግሬ፣ ጨረስኩ ብዬ ሄጃለሁ። ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ንጹሕ የመሰለኝ ነገር ግማሹ ብቻ ነበር።

«እትዬ ዘሃራ፣ አሁን ልንገርዎት?» አልኳት።

«ንገረኝ።»

ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳት። ሲስተር ጫልቱ በጭቃ መምጣቷን፣ እጄ ግለቱን ሳይነካው መስማቱን፣ ይደር የሚለው ቃል አፌ ላይ መቅረቱን። ድምፁ ሲጠፋ መኩራቴን ጭምር፤ ያንን ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር። አላቋረጠችኝም። ሴቶቹ ድስት ሲያወርዱ አንድ ጊዜ ብቻ ዞር ብላ አየች።

ስጨርስ ነጠላዋን አስተካከለች። «ስሙን ታውቃለህ?» አለችኝ።

«የማን ስም?»

«የልጄን።»

«አላውቅም» አልኳት። ስም እንዳለው እንኳ አስቤ አላውቅም።

«አውጥቼለት ነበር» አለችና ነገረችኝ።

ስሙን እዚህ አልጽፈውም፤ የእሷ ነው። ደግሜ እንድጠራላት ጠየቀችኝ፤ በትክክል እንደያዝኩት ልታውቅ ፈልጋ ነው። ጠራሁላት። አንድ ፊደል አረመችኝ። እንደገና ጠራሁላት።

«እንዲያ ነው» አለች። «በል ግባ፤ ምግቡ እንዳይቀዘቅዝ።»